ሮክ ሳልመን፦ የአንድ ዓሣ ስም ከባተርሲ እስከ ጣና

በደቡብ ለንደን በባተርሲ ሰፈር ዓሣና ድንች ጠብሶ ከሚሸጥ ሱቅ የገባ ሰው በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ የሚያነባቸው ስሞች ጥቂት ናቸው፤ ኮድ፣ ሀዶክ፣ ፕሌይስ፣ ብዙ ጊዜም «ሮክ»። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የታወቀ ዓሣ ስም ናቸው። አራተኛው ግን እንዲህ አይደለም። «ሮክ» የሚባለው «ሮክ ሳልመን» የተሰኘው የገበያ ስም ሲያጥር ነው፤ ቃል በቃል ቢፈታ «የዐለት ሳልመን» ይሆናል። ሆኖም በዘይት ተጠብሶ በወረቀት የሚጠቀለለው ሥጋ ከሳልመን ወገን አይደለም። የትንሽ ሻርክ ሥጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለመጥፋት አደጋ ተጋልጠዋል ተብለው ከተመዘገቡት ዝርያዎች የአንዱ ነው።

ዓሣን በተሳሳተ ስም ስለ መሸጥ ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ርካሹን በውዱ ስም የሚሸጥ አታላይ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ማታለል በእርግጥ አለ። የ«ሮክ ሳልመን» ታሪክ ግን የተለየና የከበደ ጥያቄ ያነሣል። ሻጩ ሕግ አልጣሰም፤ ስሙ በመንግሥት መዝገብ የተፈቀደ ነው። ገዢውም የጠየቀውን አግኝቷል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ዝርያ፣ በላተኞቹ ስሙን እንኳ ሳያውቁት፣ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ሳልመን ራሱ በባተርሲ ፊት ለፊት ይዋኝ ወደነበረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙ ሳልመኑን ሲያጣ

ባተርሲ በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ለም መሬት ነበር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ለለንደን ገበያ አትክልት የሚያቀርቡ ገበሬዎች ነበሩ፤ «ላቬንደር ሂል» የተባለው ኮረብታ ዛሬም የሚጠራው በአካባቢው ይበቅል በነበረው መዓዛማ ተክል ስም ነው። በ1801 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ከ4,000 አይበልጥም ነበር። ሳልመን በየዓመቱ ከባሕር ተነሥቶ፣ ባተርሲን አልፎ፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዙ የላይኛው ክፍል ይወጣ ነበር።

ለንደን እየሰፋች ስትሄድ የሰው እዳሪና የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ገባ፤ ለመርከብ ጉዞ ተብለው የተሠሩ ግድቦችም የዓሣውን መውጫ ዘጉ። በቴምዝ የመጨረሻው ሳልመን የተያዘበት ዓመት ተብሎ በታሪክ የሚጠቀሰው 1833 ነው። በ1858 የበጋ ወራት የወንዙ ግማት የፓርላማውን ሥራ እስከማወክ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው የከተማዋ ታላቅ የፍሳሽ መስመር የተዘረጋው። ሳልመን ግን ቶሎ አልተመለሰም። በ1957 የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያዎች በከተማይቱ የሚያልፈው የወንዙ ክፍል ሕይወት የሌለው ነው እስከማለት ደርሰዋል። በቴምዝ እንደገና ሳልመን የታየው በ1974 ነው።

ወንዙ ዓሣውን ባጣበት በዚያው ዘመን ባተርሲ ሕዝብ ሞላበት። በ1838 የባቡር ሐዲድ እስከ ናይን ኤልምስ ደረሰ፤ በ1863 የክላፋም መገናኛ ጣቢያ ተከፈተ፤ በአትክልት ቦታዎቹ ላይ የሠራተኛ ቤቶች ተደረደሩ። በ1901 የነዋሪው ቁጥር ወደ 169,000 ደረሰ። ይህ ሕዝብ ቶሎ የሚደርስ፣ የሚያጠግብና ርካሽ ምግብ ፈለገ። ምግቡ ከሌላው የለንደን ክፍል መጣ። ዓሣን በዘይት መጥበስ ከስፔንና ከፖርቱጋል ተሰድደው የመጡ አይሁድ ወደ ለንደን ያስገቡት ልማድ ነው፤ የተጠበሰ ዓሣን ከድንች ጋር በመሸጥ ቀዳሚ ተብለው ከሚጠሩት አንዱ ጆሴፍ ማሊንም በ1860 ገደማ በምሥራቅ ለንደን ሱቅ የከፈተ አይሁዳዊ ነበር። በእንፋሎት የሚጎተቱ መረቦች ከሰሜን ባሕር ያወጡትን ዓሣ ባቡር በበረዶ አድርጎ በአንድ ሌሊት ለንደን ያደርስ ጀመር። በ1910 በብሪታንያ የነበሩት የዓሣና ድንች ሱቆች 25,000 ያህል እንደነበሩ ይነገራል።

በዚህ መንገድ ሠራተኛው ዓሣ በላ፤ ሳልመን ግን ከማዕዱ ራቀ። ሳልመን የባለጠጋ ምግብ ሆነ። ስሙ ብቻ በሰው አፍ ቀረ፤ ክብሩም ከስሙ ጋር ቀረ።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሕዝብ የሚበላውን ነገር ማመን አቅቶት ነበር። በ1820 ኬሚስቱ ፍሬድሪክ አኩም ስለ ምግብ ማጭበርበር ባሳተመው መጽሐፍ የአንቾቪ ስልስ በቀይ አፈር፣ አንዳንዴም በመርዘኛ ቀይ እርሳስ እንደሚቀባ አጋለጠ። በ1850ዎቹ ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል በማይክሮስኮፕ እየመረመረ «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው ተከታታይ ዘገባም አንቾቪ ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ዓሦች ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ዓሣ መሆናቸውን አሳየ። ዓሣን በሌላ ዓሣ ስም መሸጥ እንግዲህ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም።

ከዚህ ቅሬታ የተወለዱ ሕጎች በ1860 እና በ1872 ወጡ። ጸንቶ የቆየው ግን የ1875ቱ የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕግ ነው። ሕጉ በዓይነቱ፣ በይዘቱና በጥራቱ ገዢው የጠየቀው ያልሆነ ምግብ መሸጥን ወንጀል አደረገ። ይህ መለኪያ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት በ1990ው የምግብ ደኅንነት ሕግ ውስጥም አለ።

ባተርሲ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በ1900 የራሷን ምክር ቤት ካገኘች በኋላ ለሠራተኛው ጥቅም በሚቆሙ ፖለቲከኞች የምትታወቅ ሆነች፤ በ1902ም ምክር ቤቱ ንጹሕ ወተት ለሕፃናት የሚያከፋፍል ጣቢያ ከፈተ፤ በለንደን የመጀመሪያው ነበር። ወተት ውኃ ተጨምሮበት እንደሆነ የዘመኑ ኬሚስትሪ መርምሮ ሊያረጋግጥ ይችል ነበር። የማረጋገጫ መሣሪያ ስለነበረም ባለሥልጣን ሊጠይቅ፣ ዳኛም ሊፈርድ ቻለ።

ዓሣ ግን ከዚህ መሣሪያ ያመልጣል። ራሱ፣ ክንፉና ቆዳው እስካሉ ድረስ ዓሣ አጥማጅም ሆነ የቢሊንግስጌት ነጋዴ ሊሳሳት አይችልም። ራሱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ በሊጥ ተሸፍኖ ከተጠበሰ በኋላ ግን ነጭ ሥጋ ሁሉ ተመሳሳይ ይሆናል፤ በጊዜው የነበረው ኬሚስትሪም የአንዱን ፕሮቲን ከሌላው ለይቶ ዝርያውን ሊናገር አይችልም ነበር። ከዚህ የከፋው ችግር በሕጉ መለኪያ ውስጥ ያለው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው «ገዢው የጠየቀውን አገኘ ወይ?» ብሎ ነው። ገዢው የጠየቀው «ሮክ» ከሆነ፣ የተሰጠውም በገበያው ልማድ ሮክ የሚባለው ከሆነ፣ ክስ የሚመሠረትበት ነገር የለም። ስሙ ራሱ መሸፈኛ ሲሆን ሕጉ ከስሙ ጀርባ አያይም።

ውሻ ዓሣ ስም ሲቀይር

በሮክ ሳልመን ስም ሲሸጥ የኖረው ዋናው ዓሣ እንግሊዞች «ስፐርዶግ» የሚሉት ነው፤ ከጀርባ ክንፎቹ ፊት ሁለት እሾሆች ያሉት፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ሻርክ ነው። ከሌሎች ትንንሽ ሻርኮች ጋር በአንድነት «ውሻ ዓሣ» ይባላል። አጥማጆች ለረጅም ዘመን ይጠሉት ነበር፤ በመንጋ እየመጣ መረብ ይቀድዳል፣ የተያዘ ዓሣ ይበላል። ከ1871 ጀምሮ የጠፉ ውሾች መጠለያ በሚገኝባት በባተርሲ «ውሻ ዓሣ» ብሎ ለመሸጥ የሚደፍር ነጋዴ ይኖር ነበር ማለት ያዳግታል። ሥጋው ግን ነጭ፣ ለስላሳና እሾኽ የለሽ ነው፤ አጽሙ እንደ ሌሎች ሻርኮች ለስላሳ አጥንት ስለሆነ ልጅም ሳይፈራ ይበላዋል። የጎደለው ስም ብቻ ነበር።

ስም ያወጣለት የብሪታንያ ገበያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ቢሮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በ1916 ይህንኑ ዓሣ «ግራጫ ዓሣ» ብሎ ሰይሞ በቆርቆሮ አሽጎ ለማስለመድ ሞከረ። ፈረንሳዮች ቆዳው የተገፈፈውን «ሶሞኔት» ይሉታል፤ ትንሿ ሳልመን ማለት ነው። ጀርመኖች የደረቀ የሆድ ሥጋውን በገጣሚው ሺለር የፀጉር ዞማ ይጠሩታል። በአውስትራሊያ የሻርክ ሥጋ «ፍሌክ» ነው። በየአገሩ ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ «ሻርክ» የሚለው ቃል ከገበታው እንዲርቅ ያደርጋል።

ስም መቀየር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ያልለመደውን ጥሩ ምግብ እንዲቀምስ ሊረዳ ይችላል። አደጋው አዲሱ ስም የፈጠረው ፍላጎት ከዓሣው የመራባት ዐቅም ሲበልጥ ነው። በ1977 ሊ ላንትዝ የተባለ የሎስ አንጀለስ አስመጪ ፓታጎኒያን ቱዝፊሽ የተባለውን የጥልቅ ባሕር ዓሣ «የቺሊ ሲባስ» ብሎ ሰየመው። ስሙ በትልልቅ ምግብ ቤቶች ተወደደ፤ በ1990ዎቹ በደቡባዊው ውቅያኖስ የዚህ ዓሣ ሕገ ወጥ አጠማመድ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ለመሆን በቃ።

ስፐርዶግም እንዲሁ ለጥድፊያ የተፈጠረ አይደለም። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ከዐሥር ዓመት በላይ ኖራ ነው፤ እርግዝናዋ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸውም ጥቂት ናቸው። ኮድ በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ሲጥል፣ ይህች ሻርክ እንደ ላም ትወልዳለች። ሰሌዳው ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ከዋጋቸው በቀር የሚለያቸው ነገር ለበላተኛው አይታይም።

በስሙ የተሸፈነው

በ1960ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በዓመት ከ60,000 ቶን በላይ ስፐርዶግ ይጠመድ ነበር። ከዚያ በኋላ ምርቱ ቁልቁል ሄደ። በ2006 ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ክምችቱ እጅግ እንደተመናመነና ፈጽሞ ሊፈርስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ2010 የአውሮፓ ኅብረት የማጥመጃ ኮታውን ወደ ዜሮ አወረደው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በለንደን ሱቆች ሰሌዳ ላይ «ሮክ» የሚለው ቃል አልተሰረዘም። ከአንዱ ባሕር ያለቀው ከሌላ ባሕር ሊተካ፣ አንዱ ዝርያ ሲጠፋ ሌላው በዚያው ስም ሊሸጥ ይችላል። ኮድ ሲያልቅ ኮድ የለም ይባላል፤ «ሮክ» ግን የአንድ ዝርያ ስም ስላልሆነ ሊያልቅ አይችልም።

ሕጉ ይህን የሚፈቅደው ተዘናግቶ አይደለም። የብሪታንያ ኦፊሴላዊ የዓሣ ስሞች ዝርዝር «ሮክ ሳልመን»፣ «ሃስ»፣ «ፍሌክ» እና «ሪግ» የሚባሉትን ስሞች ለስፐርዶግና ለሌሎች በርካታ የትንንሽ ሻርክ ዝርያዎች በጋራ ፈቅዷል። ከእነዚህ መካከል «ቶፕ» የተባለው ሻርክ በዓለም ደረጃ እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። በ2013 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጥሬ ዓሣ ሲሸጥ ሳይንሳዊ ስሙ፣ የተያዘበት ባሕርና የማጥመጃው ዓይነት እንዲገለጽ ያዝዛል። በሊጥ ተለብጦ የተጠበሰ ዓሣ ግን የተዘጋጀ ምግብ ስለሆነ ይህ ግዴታ አይደርስበትም። ሕጉ ገዢው በዓይኑ ሊለየው በሚችለው ጥሬ ዓሣ ላይ ሲጠነክር፣ ፈጽሞ ሊለየው በማይችለው ላይ ይላላል።

መሸፈኛውን የገለጠው ዲ ኤን ኤ ነው። በ2003 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከአንድ አጭር የዘር ቅንጣት የእንስሳትን ዝርያ መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አቀረቡ። የዘር ምርመራ በምግብ ገበያ ላይ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ግልጽ ለመሆን ጊዜ አልወሰደም፤ በ2004 በአሜሪካ «ቀይ ስናፐር» ተብሎ ከሚሸጠው ናሙና ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ሌላ ዓሣ ሆኖ ተገኘ። በብሪታንያና በአየርላንድ ኮድ ላይ በተደረገ ንጽጽር በስሙ የተታለለው ናሙና በአየርላንድ 28 በመቶ፣ በብሪታንያ 7 በመቶ ገደማ ነበር። በ2016 የታተመ ጥናት በእንግሊዝ የሱሺ ቤቶች ከዐሥር ናሙና አንዱ ከስሙ ጋር እንደማይስማማ አሳየ።

እነዚህ ቁጥሮች ተራውን ማታለል ይለካሉ፤ በብሪታንያም ከተፈራው ያነሰ ነው። በ2019 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን የለካው ሌላ ነገር ነው። ከዓሣ ነጋዴዎችና ከዓሣና ድንች ሱቆች የተሰበሰቡ ከ100 በላይ የሻርክ ናሙናዎችን መርምረው፣ ከሱቆቹ የተገዛው ሥጋ በአብዛኛው ስፐርዶግ መሆኑን አገኙ፤ በዓለም ደረጃ ለአደጋ የተጋለጠ፣ በአውሮፓ ደግሞ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ዝርያ። የተሸጠውም በተፈቀዱት የጋራ ስሞች ነበር። በተለመደው የማታለል መለኪያ ቢቆጠር ብዙው ናሙና «ትክክል» ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ በባሕሩ ላይ ብቻ አይቆምም። ሻርክ ረጅም ዕድሜ የሚኖርና ሌሎች ዓሦችን የሚበላ በመሆኑ በሥጋው ሜርኩሪ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ነፍሰ ጡር ሴቶች ሻርክ ፈጽሞ እንዳይበሉ ይመክራል። በዚያው አገልግሎት ምክር ውስጥ ሮክ ሳልመን የሚገኘው በሌላ ዝርዝር፣ በመጠን ሊበሉ ከሚገባቸው ዓሦች መካከል ነው። «ሻርክ አትብዪ» የተባለች ሴት ሰሌዳው ላይ «ሮክ» የሚለውን ስታነብ ሁለቱን የሚያገናኝላት ቃል የለም።

ክንፍና ቅርፊት

በባተርሲ የኩዊንስታውን መንገድ ዳር በ1870 ለቅዱስ ፊልጶስ የተሠራ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛሬ የሚገለገሉበት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በቤተ ክርስቲያኒቱ የቆየ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጻፈው ሥርዓት ነው፤ በውኃ ከሚኖሩት የሚበሉት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ምእመናን አምባዛ የማይበሉት ቅርፊት ስለሌለው ነው። ሻርክ ክንፍ አለው፤ ቆዳው ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው እንጂ እንደ ቆሮሶ የሚፋቅ ቅርፊት የለውም። የአይሁድ ሊቃውንትም በዚሁ ምክንያት ይከለክሉታል። የተጠበሰ ዓሣን ለለንደን ያስተዋወቀው ሕዝብ ሊበላው የማይፈቀድለት ዓሣ በዚያው ምግብ ውስጥ በሳልመን ስም ይገኛል ማለት ነው። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው በሰሌዳው ላይ የሚያገኘው ክንፉንም ቅርፊቱንም የማይናገር ስም ነው።

ይህ የጋራ ስም ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የባዕድ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ገበያ ዓሣ በሦስት ዋና ስሞች ይሸጣል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንድ ዝርያ ሲሆኑ፣ «ነጭ ዓሣ» ግን የብዙዎች መጠሪያ ነው። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በዝርዝር ሲያጠኑት፣ በጣና በዚህ ስም የሚታወቁት ዓሦች ወደ 15 የሚጠጉ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ገለጹ፤ አብዛኛዎቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። አንዳንዱ ዓሣ ይበላል፣ አንዳንዱ ሣር፣ አንዳንዱ ቀንድ አውጣ፤ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ።

በ1986 በተጀመረ የልማት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። አጥማጆች በመራቢያው ወቅት በወንዞቹ አፍ መረባቸውን ዘረጉ። በ1991 እና በ2001 መካከል ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች መጠን 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመዝግቧል። ይህን ያዩት ዝርያ በዝርያ የቆጠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። በገበያው ሚዛን ላይ የነበረው «ነጭ ዓሣ» ብቻ ነበር፤ ከ15ቱ አንዱ ቢጎድል ስሙ አይጎድልም። የጣና ነጋዴ ማንንም አላታለለም፤ ስሙን ከአባቶቹ ተቀብሎታል። የባተርሲው ስም ለማስወደድ የተፈጠረ፣ የባሕር ዳሩ በልማድ የኖረ ነው። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ለየብቻ የሚጠፋውን በጅምላ እየቆጠሩ ያለ አስመሰሉት።

በ2023 ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ክምችቱ ማገገሙን በሚያሳይ አዲስ ግምገማ ላይ ተመሥርተው ስፐርዶግ በኮታ እንዲጠመድ እንደገና ፈቀዱ፤ ትልልቆቹን እናቶች ለማዳን ሲባልም ከ100 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ወደ ወደብ እንዳይወጣ ከለከሉ። ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየው ክልከላ ፍሬ ማፍራቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚወልድ ዓሣም ጊዜ ከተሰጠው እንደሚመለስ ያሳያል። ነገር ግን የአሁኑ ፈቃድ ለአንድ ዝርያ፣ ከአንድ ባሕር፣ በአንድ የርዝመት ልክ የተሰጠ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አይናገርም። በጥንቃቄ የተያዘው ስፐርዶግና ከሌላ ባሕር የመጣው ቶፕ በባተርሲ ሱቅ ሁለቱም «ሮክ» ናቸው። የ1875ቱ ሕግ ገዢው የጠየቀውን እንዲያገኝ አዘዘ፤ ገዢው ምን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ የሚያደርገው ግን ከዋጋው አጠገብ የሚጻፉ ሁለት ቃላት ናቸው፤ የዝርያው ስምና የባሕሩ ስም።